የዋጥኩት ምርቃት

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ኖሬአለሁ። ጾም ገድፌአለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ አንደበቴ ክፉ ነው እላለሁ፤ እሳቸውም መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ስግደት ያዙኛል። ይቺን አንዲት ነገር ግን በተናዘዝኩ ቁጥር ዘልያት አልፌአለሁ። ለእሳቸው ያልነገርኳትን ለእናንተ ለማላውቃችሁ መንገሬ ድፍረት ይሁን ፍርሃት እኔም አልለየሁትም። ምናልባት ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

ቡሬ ባለ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የመምህራንን የውጭ አገር ጉዞ የማመቻች ሠራተኛ ነበርኩ። ጊዜው አንድ ለአምስት የምንደራጅበት፣ ከሥራው ይልቅ ግምገማው የሚበዛበት፣ ግቢውም ገና ጭቃ በጭቃ የነበረበት ጊዜ ነው። አንድ መምህር ለጉባኤ ሲጠራ ግብዣውን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለኤምባሲው የድጋፍ ደብዳቤ የማስጽፍ እኔ፣ የቪዛ ቀጠሮ የማስይዝ እኔ፣ ትኬት የማስቆርጥ እኔ፣ አበሉን የማስፈቅድ፣ ሆቴሉን የምይዝ፣ የክትባት ካርዱን ረስቶ እንዳይሄድ የምጨቀጭቅ እኔ። ሻንጣው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ አውሮፕላን በሚቀይርበት ከተማ በየት በኩል እንደሚያልፍ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ። ፍራንክፈርትን እንደ ቡሬ ገበያ ነው የማውቃት እያልኩ እቀልድ ነበር። እኔ ራሴ ግን ፓስፖርት አልነበረኝም። ቦሌም የማውቀው ሸኚ የሚቆምበትን ደጅ ብቻ ነው።

ቀናሁ ወይ? ለወንዶቹ መምህራን አልቀናሁም። ሄደው መጥተው ቸኮሌት ሲያመጡልኝ እበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ረስቼው አድራለሁ። ከማያውቁት ሰው ጋር ማን ይቀናናል? ቅናት ቤት ለቤት ነው የሚሄደው፤ የጎረቤትን ደጅ ነው የሚያውቀው። የእኔም ቅናት ትርንጎን ጠብቃ ቆየች።

እኔና ትርንጎ ከጅጋ በእግር የሚገባበት የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን። ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል፤ ከአንድ ስንቅ በልተን፣ አንድ ጋቢ ለብሰን ተኝተናል። ሒሳብ የማስረዳት እኔ ነበርኩ። እሷ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ አፌን አፌን ታየኝ ነበር። ከዚያ ማለፊያው ፈተና መጣና እሷ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እኔ የጸሐፊነት ዲፕሎማ ደረሰኝ። የፈተናው ዕለት አሞኝ ነበር እያልኩ ለሰው ስንት ዓመት አወራሁ! አላመመኝም። ፈራሁ፣ ጠፋብኝ፣ በቃ።

ዓመታት አልፈው እሷ ማስተርሷን ይዛ መምህር ሆና ወደ ቡሬ ስትመደብ እኔ እዚያው ግቢ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቆይቶም የጉዞውን ጉዳይ ሰጡኝ። ኮርታብኝ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ቢያንስ የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር። እሷ ግን ለአዲስ መምህር ሁሉ ስታስተዋውቀኝ ትከሻዬን አቅፋ «ይታይሽ ትባላለች፤ እኔን ሒሳብ ያስተማረችኝ እሷ ናት» ትላለች። ሰዎቹ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ወንበር ያያሉ። ጸሐፊ ሆና የቀረች አስተማሪ! እሷ እያከበረችኝ እኔ አርር ነበር።

ትርንጎ የበቆሎ ነቀዝ ታጠና ነበር። በየገበሬው ጎተራ አንገቷን እያስገባች አቧራ ለብሳ ትውላለች። ይህ ጥናቷ ሆላንድ ድረስ ተሰማና ለአንድ ትልቅ ስብሰባ ጠሯት። ግብዣውን ያነበብኩት ከእሷ እኩል ነው። የሚጠብቃት ስብሰባ ብቻ አልነበረም፤ የጠራት ፕሮፌሰር በአካል አይቶ ካነጋገራት በኋላ እዚያው ለዶክትሬት ሊያስቀራት አስቦ ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለኝ፣ ስትመጪ እንነጋገራለን ብሎ ጽፎላታል።

ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጣ የጠየቀችኝን ዛሬም እሰማዋለሁ። «ይታይሽ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ጆሮ ያማል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ማስቲካ ያዥ፤ ስታኝኪ ይለቅሻል» አልኳት፤ መቶ ጊዜ እንደበረረ ሰው።

ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዝ አደረገችና «ምነው አብረን በሄድን ኖሮ!» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እኔ የሰማሁት አንች ትቀሪያለሽ የሚል ነው። ይህን እሷ አላለችም። እኔ ነኝ ለራሴ ያልኩት።

ጉዞዋን ያለ እንከን አዘጋጀሁላት። ወረቀቷን ላበላሽ ብል ቀላል ነበር፤ አላደረግሁትም። በሥራዬ ሰው እንዲስቅብኝ አልፈልግም ነበርና ለዚያ ስል እንጂ ለእሷ ብዬ አይደለም። ከቡሬ ስትነሳም ሸኘኋት። አዲስ አበባ የላብራቶሪ ዕቃ ሊጭን በሚሄደው የግቢያችን መኪና ነው የሄደችው፤ ሾፌሩ ጋሽ ፈንታ ነበሩ። እኚህ ሰው ሽበታም፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ በግቢው አባት የሚባሉ ናቸው። ሐዘን የደረሰበት ሠራተኛ ሲኖር ለመርዶ የሚላኩት እሳቸው ናቸው። ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ያውቁበታል።

የምትበርበት ቀን ጠዋት ቢሮዬ እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ስማቸው የሚባለው የትርንጎ ወንድም ነው፤ ከጅጋ።

«እንዴት አደርሽ እታለም። የትርንጎ ስልክ እምቢ ቢለኝ ነው ላንች መደወሌ» አለኝ። «እናታችን ትናንት ብርድ ብርድ ብሏት ፍኖተ ሰላም ወስደን አሳየናት። ወባ ነው አሉ፤ መዳኒቷን ሰጥተዋታል። አሁን ደህና ናት፤ አጥሚትም ጠጥታለች። ከሌላ ሰው ሰምታ እንዳትደነግጥ አንች አለዝበሽ ንገሪልኝ። በሰላም ትሂድ፣ የሄደችበት ይቅናት ብላለች በያት። ደግሞም ከፈረንጅ ነቀዝ ጋር ተዋድዳ እንዳትቀር ብላለች፤ የኛው ይበቃናል ብላ ስትስቅ ነበር።»

«እሺ ስማቸው፣ እነግራታለሁ» አልኩት። ዘጋ።

አሁን ወደ እሷ መደወል ነበረብኝ። የእናትሽ ምርቃት ይኸውልሽ፣ ቀልዷም ይኸውልሽ ማለት ነበረብኝ። እናቷ እማማ አንጓች እንዲህ እየቀለዱ ከሆነ ማንም ሰው ደህና መሆናቸውን ያውቃል። ስልኩን አነሳሁ። የደወልኩት ግን ለጋሽ ፈንታ ነው።

«ጋሽ ፈንታ፣ ገና አልተመለሱም?» አልኳቸው።

«ጭኜ ጨርሻለሁ፤ ልነሳ ነው።»

«እባክዎን ትርንጎ ያረፈችበት ይሂዱልኝ። እናቷን አሟቸዋል። ብቻዋን አትሁን፤ አብራዎት ትምጣ።»

«ወይ ይችን ልጅ!» አሉ በቀስታ። «በመሄጃዋ ዕለት! ተይው፣ አንች ምንም እንዳትያት፤ እኔ እይዛታለሁ።»

እንደ አገራችን ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተው ታመመ ይባላል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ሰውየው ከቤቱ እስኪደርስ ይያዛል። ለወባ ሽማግሌና መኪና አይላክም። ጋሽ ፈንታ ስንት ሰው ያረዱ ሰው ናቸው፤ ሌላ ምን ሊያስቡ ኖሯል? እኔስ ይህን አላውቅም ነበር? አውቄ ነው ያደረግኩት። አንዲት የሐሰት ቃል ሳልተነፍስ ያንን ሁሉ አደረግኩ። ደግሞ በዚያ ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ጎበዝነት ተሰማኝ።

ብዙም ሳይቆይ ትርንጎ ደወለች። ድምጿ ሌላ ሆኗል።

«ይታይሽ፣ ጋሽ ፈንታ መጥተው ቁጭ ብለዋል። እናትሽን አሟቸዋል፣ እንሂድ ይላሉ፤ ሌላ አይናገሩም። ሻይ ስሰጣቸው አልጠጡም። ስማቸውን ደወልኩለት። ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ ሂጅ ይለኛል። እሷን አቅርብልኝ ስለው ጅጋ ነኝ፣ እሷ ቤት ናት አለኝ፤ ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። እናቴ ምን ሆነች?»

ምስኪን ስማቸው እውነቱን ነበር የነገራት። ግን በእኛ ዘንድ ደህና ናት እየተባለ በተደጋገመ ቁጥር ሰው ልቡ ይሞታል። የሚያርዱም የሚሉት ያንኑ ነውና። እሷን የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፈረንጁ ነቀዝ ነገር። ያንን ማንም ፈጥሮ ሊያወራው አይችልም። ያ ቀልድ ደግሞ እኔ አፍ ውስጥ ነበር።

«ትንሽ አሟቸዋል ትርንጎዬ» አልኳት። «አይዞሽ። በርቺ።»

ለወባ በርቺ ይባላል?

«ልሂድ ወይስ ልምጣ? አንች ምከሪኝ» አለች።

እዚህ ላይ ቆሜ ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅኩት! በሩ ክፍት ነበር። ሂጂ፣ አንድ ቃል ነው። ገና እኩለ ቀን እንኳ አልሆነም፤ አውሮፕላኑም የሚነሳው ማታ ነው። እኔ ግን «እኔ ብሆን እመጣ ነበር» አልኩ። ዓይኔ ደረቅ ነበር። ልቤም ደረቅ ነበር።

ጋሽ ፈንታ በጨለማ ዓባይን ላለመውረድ ቶሎ ተነስተው ደብረ ማርቆስ አሳደሯት። አውሮፕላኑ ያለ እሷ ሄደ። እኔ ወንበሯን የመረጥኩላት በመስኮት በኩል ነበር፤ ደመና እንድታይ። ባዶውን በረረ።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ጅጋ ወረድኩና መንገዱ ዳር ጠበቅኳቸው። እዚያው እነግራታለሁ፣ ደህና ናቸው እላታለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ቢያንስ ለራሴ እንዲያ ብዬ ነበር። መኪናው ቆመ፤ ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፀጉሯን በትና ወረደችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንባዋ አንገቴ ላይ ሲሞቀኝ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? አሁን እኩል ሆንን፣ አብረን ቀረን ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ዕረፍት ነበር።

ቀኑ የጅጋ ገበያ ነበር። ሴቶቹ እህል ተሸክመው ሲመጡ እሷን ያያሉ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ሸክማቸውን አስቀምጠው ያለቅሳሉ። የሚያውቋት ተከትለውን ዞሩ። ወደ መንደሩ በሚያስገባው መንገድ ስንወጣ ለቅሶው ጎርፍ ሆኖ ነበር። ትርንጎ «እናቴን! ሳልቀብርሽ!» ትላለች። ጋሽ ፈንታ ክንዷን ይዘው ከኋላዋ ይሄዳሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ከቤቱ ደጅ ስንደርስ እማማ አንጓች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጡ። ለቅሶ ሰምተዋልና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ማን ሞተብን ልጆቼ? ማን ሞተብን?» እያሉ እሳቸውም ያለቅሱ ጀመር። የገዛ ራሳቸውን ለቅሶ አብረው ሊያለቅሱ መጡ። ትርንጎ ቀና ብላ አየቻቸውና ራሷን ስታ ወደቀች።

ውኃ ረጭተን ስትነቃ እናትና ልጅ ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ስማቸውም ከገበያ እየሮጠ መጣ። ነገሩ የገባቸው ቀስ በቀስ ነው። እማማ አንጓች መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ሳቅ መጣባቸው። «ሰው ሙቶ የማያየውን እኔ ቁሜ አየሁት። ለቅሶየ ያምር ኖሯል!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ።

«አንች ልጅ፣ በሰላም ትሂድ ብየ ልኬ አልነበር? የነቀዙን ነገርስ አልነገርሻትም?»

ስማቸው ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ፈንታም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ነው የዋሸሁት፤ አፍ አውጥቼ፣ ፊት ለፊት።

«ነግሬያታለሁ፤ አላመነችኝም» አልኩ።

ትርንጎ ልትክደኝ ትችል ነበር። እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እውነቷን ነው» አለች። «ሁላችሁም ደህና ናት ስትሉኝ ነበር። ምን እንደተባልኩ እንኳ አላስታውስም፤ ጆሮየ ደንቁሮ ነበር። ያላመንኩ እኔ ነኝ።» ጥፋቴን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ላይ ጫነችው። እኔም ዝም ብዬ አሸከምኳት።

የቀረውን ጋሽ ፈንታ ተሸከሙ። ግቢ ስንመለስ ለግምገማ ተቀመጡባቸው። ሳያጣሩ መምህሯን ከጉዞዋ መለሱ ተባሉ፤ ከረጅም መንገድ ሥራም አነሷቸው። ይታይሽ እንዲህ አለችኝ ቢሉ ይችሉ ነበር። «የሰማሁት እንዲያ መስሎኝ ነው፤ እርጅና ነው» ብለው ተቀመጡ። እኔም በዚያ ስብሰባ ነበርኩ። አስተያየት ካለሽ ሲሉኝ የለኝም አልኩ።

ለፕሮፌሰሩ የይቅርታ መልእክት የጻፍነው ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። እናቴ ሞታ ሳይሆን፣ የሞተች መስሎኝ፣ ለምን ቢባል ሾፌሩ ሻይ ስላልጠጡ፤ ይህን ለፈረንጅ እንዴት ብለው ያስረዱታል? ስንጽፍ ስንሰርዝ ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ከልቧ ሳቀች። መልስ መጣ፤ እናትሽ በመዳናቸው ደስ ብሎኛል፣ ቦታውን ግን ለሌላ ሰጥቻለሁ ይላል። ትርንጎ አነበበችው፣ «አይ፣ እናቴ ትበልጣለች» አለችና ክፍለ ጊዜ አለብኝ ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጥሪ አልመጣላትም። ከእሷ ኋላ የመጡት ልጆች ዶክተር ተብለው ሲመለሱ ተቀብላቸዋለች። ወረቀታቸውን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ።

ቅናቴስ? እንደጠገበ ሰው ተኛች። የሚገርመው ይህ ነው፤ ያን ሁሉ ያደረግኩላት ቅናት በማግስቱ የለችም። ብቀና ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ጥቂት ዓመታት ቆይተው እማማ አንጓች በእውነት ዐረፉ። ስማቸው ለግቢው ሽማግሌዎች ላከ። ጋሽ ፈንታ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ቡሬ ነበሩ፤ ሲጠሯቸው «እኔ ዳግመኛ ከዚያች ልጅ ደጅ አልቆምም» አሉ። አንች ቅርቧ ነሽ ብለው እኔን ወሰዱኝ።

ሊነጋጋ ሲል በሯን አንኳኳን። ከፈተች። ነጠላ የለበሱትን ሽማግሌዎች ተራ በተራ አየች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። በእውነት ፈገግ አለች።

«ደግሞ ጀመራችሁ? እናቴን ስንት ጊዜ ነው የምትገድሏት?» አለች። «ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ «ልጀ፣ ጠንከር በይ» ሲሉ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኗ ግን እኔን ፈለገ።

«ይታይሽ፣ አንች ንገሪኝ። ያኔ አንች እውነቱን ነግረሽኝ ሳላምንሽ ቀረሁ። ዛሬ የምትይኝን አምናለሁ። ደህና ናት፣ አይደል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነገርኳት። እኔ ስለነገርኳት ወዲያው አመነች፤ አልጠየቀችም፣ አልተከራከረችም፣ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ለቅሶ ቤትም ለመጣው ሰው ሁሉ «ይታይሽ ባትኖር ኖሮ ማንን አምን ነበር» ስትል ሰነበተች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

የምጠይቃችሁ ይቅርታ የለኝም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ድሃ ስለነበርኩ፣ ፈተና ስለወደቅኩ፣ ሰው ስለናቀኝ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ማንም አልናቀኝም። ቀንቼ ነው ያደረግኩት፤ ዋሽቼ ነው የሸፈንኩት። ልነግራት ስንት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጃለሁ፤ ስታየኝ ፊቷ ይበራል፣ እኔም ስለ ሌላ ነገር አውርቼ እመለሳለሁ። ትርንጎ ዛሬም ቡሬ ታስተምራለች። እናቷ ከሞቱባት ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ አትዋሸኝም ብላ የምታምነው አንድ ሰው ብቻ ነው ያላት፤ እሱም እኔ ነኝ።